ምንጣፍ ገልባጯ ቪዶሳቫ

ሰው ቤት ገብታ ዓይኗ የማያርፍ ሴት የሌለችበት ከተማ የለም። አንዷ ድስት ከፍታ ታያለች፣ ሌላዋ መጋረጃ ትገልጣለች። የኛዋ ምንጣፍ ትገለብጣለች።

ክብርት ወይዘሮ ቪዶሳቫ፣ ማንም ሳይሾማት፣ የከተማችን የፒሮት ምንጣፎች ሁሉ የበላይ መርማሪ ናት። በሩን እንዳለፈች የምንጣፉን ጠርዝ በጫማዋ ጫፍ ቀልበስ ታደርግና ጎንበስ ብላ የሸማኔዋን ስህተት ትፈልጋለች። “ጀርባው ይናገራላ!” ለቅሶ ቤት ሳይቀር ገልብጣለች። አንዴማ ጸሎት ላይ የነበሩትን ቄስ፣ “አባ፣ እግርዎን አንዴ ያንሱልኝ” አለቻቸው። አነሱላት፤ ጸሎቱንም በአንድ እግራቸው ቆመው ጨረሱት።

ታዲያ የልጅ ልጄ የዛጎርካ ሰርግ ሲቃረብ እኔን እንዴት እንቅልፍ ይውሰደኝ? ክረምቱን ሙሉ የሸመንኩላት ቀይ ምንጣፍ ከሽመና ዕቃው ከወረደ በኋላ ሳየው፣ በጠርዙ ተሸምነው ከተደረደሩት ኤሊዎች አንዷ እግር ጎድሏታል! የሙሽራው እናት ደግሞ ራሷ ሸማኔ ናት። ካየችው “አያትየዋ ዓይኗ ጠፍቷል” የሚለው ወሬ ከኔ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

የሰርጉ ዕለት ቪዶሳቫ እንደገባች ገለበጠች። ኤሊዋን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። በእጄ የያዝኩት አረቄ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ወዲያው የሙሽራው እናት፣ “እስኪ ይሄን የተወራለትን ምንጣፍ!” እያለች መጣች።

ቪዶሳቫ ከነሙሉ ክብሯ ኤሊዋ ላይ ዘፍ አለች።

“ምነው እትዬ፣ ወንበር እያለ?”

“ጉልበቴ ከዳኝ፣ እህቴ። አንቺ በዚያ በኩል ገልብጪ፣ ጀርባው ይናገራል።”

ሴትዮዋም በዚያ በኩል ገለበጠች፤ “እጇ ይባረክ!” ብላም ሄደች። ጥሩምባው ሲነፋ፣ የክቡን ጭፈራ እየመራች ጎረምሳ የምታደክመው ቪዶሳቫ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ በትከሻዋ ብቻ ጨፈረች። ሊያስነሷት ጎተቷት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጥብሱንም እዚያው አቀረቡላት።

በማግስቱ ምንጣፉ ወደ ሙሽራው ቤት ሳይሄድ ልናጥበው ኒሻቫ ወንዝ ወረድን። ቪዶሳቫ ከጉያዋ መርፌና ነጭ ሱፍ አወጣች።

“አንቺ ስታሜንካ፣ ሁለተኛ በር አጠገብ እንዳትሳሳቺ! ብርዱ መቀመጫዬን ገደለው።”

የኤሊዋን እግር ሰፍታ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። እኔም ሳይታወቀኝ ጠርዙን ቀልበስ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

“ኧረ ጉድ! አንቺም?” ብላ በሳቅ ወንዙ ውስጥ ልትወድቅ ነበር።

የስፌቷን ቋጠሮ ፈለግኩት፣ ፈለግኩት። ጀርባው ትንፍሽ አላለም።