እጅግ ቅርብ ተፎካካሪያችንን በኢንተርኔት ስለመከታተል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቦታ፦ የቤተሰባችን የቤት ዕቃ ማምረቻ ቢሮ፣ ከወርክሾፑ ግድግዳ ወዲህ

የተገኙ፦
1. ሥራ አስኪያጇ እትዬ — ሰብሳቢ
2. የእትዬ ባለቤት — የሽያጭ ኃላፊ
3. የእትዬ ልጅ — የኢንተርኔት ክትትል ኃላፊ
4. እኔ፣ የእትዬ ታናሽ እኅት — ጸሐፊ (ማንም ሳይጠይቀኝ የተመረጥሁ)

ያልተገኙ፦ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ፣ ብቸኛው አናጢያችን፤ ሥራ ስላለባቸው። ሥራ የሌለን ሁላችን ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የክትትል ሪፖርት

የክትትል ኃላፊዋ ተፎካካሪዎችን እያሰሰ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ስልኳ ላይ መጫኗን ገልጻ፣ መሣሪያው ስም የሌለው የወንበር ገጽ ማግኘቱንና ባለቤቱም «እጅግ ቅርብ» መሆኑን አስረድታለች። የእኛም ድርጅት በስሙ መስማማት አቅቶን እስካሁን ስም ስለሌለው፣ የሽያጭ ኃላፊው ሰውዬው ስም የለሽነታችንን ሳይቀር ሰረቀን ሲሉ በምሬት ተናግረዋል።

ፎቶዎቹ ታዩ። የእኛ ያለቀ ዕቃ በጓሮ በር ስለሚወጣ ከመካከላችን አይቶት የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም እትዬ የተፎካካሪው ወንበር ከእኛው በእጅጉ እንደሚበልጥ አረጋግጠዋል። በመሐሉ የጋሼ መዶሻ ስላስቸገረ ቀስ ብለው እንዲመቱ በጸሐፊዋ በኩል ተነግሯቸዋል።

አጀንዳ 2፦ የተፎካካሪውን አናጢ ስለማስኮብለል

ከረዥም ውይይት በኋላ (ውይይቱ በአብዛኛው የባልና የሚስት ነበር) ጋሼ ጡረታ እንዲወጡና የተፎካካሪው አናጢ በእጥፍ ደመወዝ እንዲመጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ «ወንድማችን እኮ ነው» ብትልም፣ ጸሐፊ ድምፅ የላትም ተብላለች። ማንነታችን እንዳይታወቅ በሐሰተኛ አካውንት ወዲያው መልእክት ተላከ፤ እትዬ ከግርጌው «እጅዎ ይባረክ» የሚል ጨምረውበታል። ከግድግዳው ማዶ መዶሻው ዝም አለ።

አጀንዳ 3፦ ሳይያዝ የመጣ

ጋሼ የመጋዝ ብናኝ እንደለበሱ ስልካቸውን ይዘው ገቡ። በትርፍ ጊዜያቸው በከፈቱት ገጽ ላይ ሥራቸውን ያዩ አንድ ባለሀብት በእጥፍ ደመወዝ እንደጠሯቸው፣ ሆዳቸው ባይቆርጥም ሥራ ለመልቀቅ እንደመጡ አስታወቁ። የክትትል ኃላፊዋ ስልኳን ጠረጴዛ ሥር ደበቀች። የሽያጭ ኃላፊው ባለሀብቱ አጭበርባሪ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ እንዲደረግ መከሩ። እትዬ ግን አላስቻላቸውም፤ «ጋሼ፣ የጻፍንልህ እኛ ነን» አሉ።

ጋሼ መልእክቱን ደግመው አነበቡት። «ለካ የምትመርቁት የማታውቁትን ሰው ነው» አሉ። ጸሐፊዋ አልቅሳለች፤ ልቅሶው በአጀንዳ ስላልተያዘ አልተመዘገበም።

የመጨረሻ ውሳኔ

ጡረታው፣ እጥፍ ደመወዙ፣ ክትትሉና ይህ ስብሰባ ራሱ ከነጭራሹ እንዲሻሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጋሼ ውሳኔውን ሰምተው፣ «ደመወዙን ሻሩት፣ ግድ የለም። ምርቃቱን ግን አንቱታውን ትተሽ በአፍሽ በይኝ» ሲሉ ሰብሳቢዋን ጠየቁ።

ሰብሳቢዋ ከራሳቸው ጋር ረዥም ውይይት ካደረጉ በኋላ፣ ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ «እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ» አሉ። ያልተካሄደው ስብሰባም በዚሁ ተዘጋ።