ለዳታ ሴንተር የሚሆን ብርድ

[ከዳባት በላይ፣ ነፋስ የሚጋልብበት ሜዳ። አብዱልባሲጥ የአዘዞ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ ለዛሬ ሲል ስስ ሱፍ ለብሷል። አያ ማሩ የዚሁ ሜዳ ገበሬ ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ዳታ ሴንተር የሚሠራ ድርጅት ቦታ ሊያይ እየመጣ ነው። ቦታው ከተመረጠ ሲሚንቶውን የማቀርበው እኔ ነኝ ብሎ አብዱልባሲጥ በልቡ ጨርሷል፤ ሕንፃውንም ጣሪያ አልብሶታል።]

አብዱልባሲጥ፦ አውልቅ አልኩህ እኮ፣ አያ ማሩ!

ማሩ፦ ጋቢዬን? ምነው፣ ምን አረገህ?

አብዱልባሲጥ፦ ብርዱን ሸፈነብኝ! እንግዶቹ የሚመጡት ብርድ ፍለጋ ነው። እንዲህ ተጀቡነህ ሲያዩህ የሞቀህ ይመስላቸዋል።

ማሩ፦ ከተማ ብርድ አለቀባችሁ?

አብዱልባሲጥ፦ ለኤአይ ነው! የሚያስብ ማሽን ነው። ሲያስብ ይግላል፤ ቀዝቃዛ አገር ካላስቀመጡት ይቃጠላል።

ማሩ፦ እንዲያ ካተኮሰው ምነው ያሳስቡታል? ይረፍ እንጂ።

አብዱልባሲጥ፦ መቼ አስቀምጠውት! ዓለም በሙሉ ይጠይቀዋል። ማራኪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ተማሪ እንኳ ለወደዳት ልጅ የሚጽፈውን ከሱ ነው የሚቀዳ።

ማሩ፦ እና ልጅቱ ማንን ወደደች? ልጁን ወይስ ማሽኑን?

አብዱልባሲጥ፦ ልጅቱን ተዋት! ወደ ቁም ነገሩ። እዚህ ብርድ አለ፣ ነፋሱ መብራት ያመነጫል፣ የቀረውን ግለት ደግሞ ምንጩ ያበርድለታል።

ማሩ፦ [ጋቢውን ከአፉ ዝቅ አድርጎ] የቱ ምንጭ?

አብዱልባሲጥ፦ ያ ከቋጥኙ ሥር ያለው።

ማሩ፦ እሱማ የኛ ነው! ሰውም ከብቱም የሚጠጣው ከሱ ነው። በበጋ ለኛም አይበቃ።

አብዱልባሲጥ፦ ዝም በል! ሞልቶ ተርፏል ብያቸዋለሁ።

ማሩ፦ የማራኪ ጎረምሳ እወድሻለሁ እንዲል የኔ በሬ ይጠማ?

አብዱልባሲጥ፦ ሥልጣኔ ነው አያ ማሩ፣ አንተ አይገባህም።

ማሩ፦ አይገባኝም። እንግዲያ ምን ላርግ? አስተምረኛ።

[ከሜዳው ግርጌ መኪና ቆመ።]

አብዱልባሲጥ፦ መጡ! ጋቢውን ጣልና ተንቀጥቀጥ!

ማሩ፦ እንዲህ?

አብዱልባሲጥ፦ እስክስታ ማን አለህ! ጥርስህን አንገጫግጭ! ብርድ እንደገባህ ሁን!

[አያ ማሩ ጋቢውን ወረወረ። ተንቀጠቀጠ፣ ተንገጫገጨ፣ ተንበረከከ፤ ጭራሽ ተዘረረ። የአብዱልባሲጥ ስልክ ጮኸ።]

አብዱልባሲጥ፦ ሃሎ፣ ኢንጂነር ናዝራዊት! ምነው ከመኪናው አትወርዱም?... ማን ነው የታመመ? እሱ? ኧረ ደህና ነው! እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው!... የለም፣ የለም፣ የሚተላለፍ ነገር የለም! አያ ማሩ፣ በቃ፣ አቁም!

ማሩ፦ [ሜዳው እስኪሰማ] እንዴት ላቁም? ከዚያ ምንጭ ከጠጣሁ ወዲያ መቼ ቆሞልኝ ያውቃል!

አብዱልባሲጥ፦ ይቀልዳል! ወላሂ ይቀልዳል!... ምን? ሰውን እንዲህ ያረገ ውሃ ቧንቧችንን ምን ሊያረገው ነው? እንዴ፣ ቧንቧ እኮ አይንቀጠቀጥም!... ሃሎ? ሃሎ!

[መኪናዋ ዞራ አቧራዋን አስነሥታ ሄደች። አያ ማሩ ብድግ ብሎ ሣሩን ከጉልበቱ አራገፈ፤ ጋቢውንም መልሶ ተከናነበ።]

ማሩ፦ ሄዱ?

አብዱልባሲጥ፦ ሌላ ወረዳ እናያለን ብለው ሄዱ! ጉድ ሠራኸኝ! ሞኙስ እኔ፣ አንተን ይዤ እዚህ የወጣሁ!

ማሩ፦ ተንቀጥቀጥ አልከኝ፣ ተንቀጠቀጥሁ። ምንጩንም ቢሆን ስሙን አጠፋሁት እንጂ ውሃውን አልነካሁበት።

[ፀሐይዋ ደመና ገባች። ነፋሱ በስሱ ሱፍ አልፎ የአብዱልባሲጥን ጎድን አንድ በአንድ ቆጠረ። ጉልበቱ ተብረከረከ፣ ጥርሱ ተንገጫገጨ።]

አብዱልባሲጥ፦ ጋ... ጋ... ጋቢህን ወዲህ በል!

ማሩ፦ [እያደነቀ፣ ዙሪያውን እየዞረ] አቤት አቤት! አንተማ ሸጋ አርገህ ትንቀጠቀጣለህ! ምነው ሰዎቹ እያሉ ዝም አልክ?