የእሜቴ ግራ ጎማ

እኔ የምለው፣ እናንተ ሰፈር ትልቅ ሰው ሲሳሳት ማነው የሚነግረው? እኛ ጉለሌ ማንም አይነግረውም። ሚስቱ ብቻ ትነግረዋለች፤ እሷንም አይሰማትም። ይህን በደንብ የተረዳሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ያስተማረችኝም አንዲት ያረጀች ፎርክሊፍት ናት።

ላስተዋውቃችሁ። ከዊንጌት ብዙም በማይርቅ የብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ ጸሐፊ፣ እሷ በሁለት የብረት ሹካዎቿ ዕቃ ተሸካሚ። ሠራተኛው ሁሉ "እሜቴ" ነበር የሚላት። ጠዋት ጠዋት ሳትለመን አትነሳማ! ድሮ ቢጫ ነበረች ይላሉ፤ እኔ ስደርስባት መልኳ ሽሮ ሆኗል።

ሾፌሯ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካትም። ማለዳ ሲገቡ መጀመሪያ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ቀጥለው "እንዴት አደርሽ?" ይሏታል። ከዚያ በኋላ ነው ለእኛ ሰላምታ የሚደርሰን። እኛም ተራችንን እናውቅ ነበር።

ለእኔማ እሜቴ ተራ ማሽን አይደለችም። በሠርጌ ዕለት በመጋዘኑ በር ስናልፍ የሥራ ጓደኞቼ መኪናችንን አስቆሙ። በሁለቱ ሹካዎቿ ላይ ጣውላ አጋድመው፣ በላዩ አዲስ ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ እኔንና ሙሽራዬን አስቀመጡን። ጋሽ ደምሴ ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሱን። እንጦጦ በሙሉ ታየን። ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያስ? ከዚያማ እሜቴ አልወርድም አለች! ሩብ ሰዓት ያህል በሰማይና በምድር መካከል ተንጠልጥለን ቀረን። ሚዜዎቼ ከታች ሆነው "አይዞህ!" ይሉኛል፤ ሙሽራዬ አንገቴን አንቃ ይዛኛለች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ስንጣላ "ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ አድርሰኸኝ አታውቅም" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እንግዲህ መጋዘኑ ተዘጋ፣ እኛም ጡረታ ወጣን። እሜቴ ግን ጓሮ ቀርታ ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቀባት። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን በጠዋት አያልነህ፣ የግቢው ዘበኛ፣ ደወለልኝ። ግቢው ሊፈርስ ነው፤ ነገ ማለዳ ብረት ገዢ ቁራሌዎች መጥተው እሜቴን በጋዝ ቆራርጠው ሊጭኗት ነው አለኝ። ደግነቱ ሸጎሌ የከብት መኖ የሚነግዱ አቶ ከድር የሚባሉ ሰው እንዳለች ሊወስዷት ፈልገዋል፤ ጆንያ ልታነሳላቸው። ችግሩ፣ የፊት ጎማዎቿን ፍሬኑ ዝጎ ነክሷቸዋል። ሁለቱ ጎማዎች ወልቀው ፍሬኑ ካልተላቀቀ ንቅንቅ አትልም። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማሽን በሚጭነው መኪና፣ ሎቤዱ ላይ ካልወጣች፣ በቃ፣ የቁራሌ ናት።

ማንን ልጥራ? ጋሽ ደምሴን ነዋ! ዕድሜያቸው ሰማንያን እየተጠጋ ነው። የድሮ ቱታቸውን ለብሰው መጡ። ቱታው ታጥቦ ተተኩሷል። ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና "እንዴት ከረምሽ?" አሏት።

አቶ ከድርም ተለዋጭ ጎማዎች ይዘው ደርሰው ነበርና በቀኙ ጎማ ጀመርን። ናፍጣ አጠጣነው፣ ዙሪያውን በመዶሻ ደበደብነው፣ መፍቻው እጀታ ላይ የውሃ ቱቦ ሰክተን ተንጠለጠልንበት። ብሎኖቹን የያዙት ዳዶዎች እያጓሩ አንድ በአንድ ወጡ። ቸርኬው ራሱ ከዝገቱ ጋር ተጋብቶ ስለነበር ጋሽ ደምሴ ከኋላው እንጨት ደግፈው በትልቁ መዶሻ አስመቱት። ዱብ አለ። ገና አራት ሰዓት ነበር። ደስ አለን፣ ሻይ ጠጣን፣ ወደ ግራው ዞርን።

ጋሽ ደምሴ መፍቻውን ሰኩና ልክ እንደ ቀኙ ወደ ግራ መግፋት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የእሜቴ የግራ ጎማ ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ነው። ስትሄድ እንዳይላላ ብለው እንዲያ ነው የሠሯት። ወደ ግራ ከገፉት ይጠብቃል። ይህን ማን አስተማረኝ? ራሳቸው ጋሽ ደምሴ! ልጅ እግር ሳለሁ ላግዛቸው ብዬ ተሳስቼ ሳዞር ደርሰውብኝ እጄን በጨርቅ ሾጥ አድርገው ነው የነገሩኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? እንዴት ብዬ ልናገር! በሰው ፊት፣ በተተኮሰ ቱታቸው፣ መምህሬን ላርም? አያልነህን አየሁት፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ጫማው ክር የለውም። አቶ ከድርም ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ነገሩ አይጠፋቸውም። ግን "አላህ ያግዝዎት፣ ጋሼ" ብለው ወደ እንጦጦ ዞሩ። ይሉኝታ ሃይማኖት አይመርጥም።

እሳቸው ያጠብቃሉ፣ እኛ "በርቱ" እንላለን። ይባስ ብለን ቱቦው ላይ ተንጠልጥለን አገዝናቸው። በትሕትና አጠበቅነው እላችኋለሁ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ዝንብስ አልገባም። ጎማውም አልወጣም።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ። ሎቤዱ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ጋሽ ደምሴ ላባቸውን ጠርገው እሜቴን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጓት። "እምቢ አልሽ? እኔን?" አሏት። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። "ጋሼ፣ እኔ እንደው ጨርሶ ጠፋብኝ። ያኔ እጄን መትተው ያስተማሩኝ... እ... ማለቴ፣ የትኛው ጎማ ነበር በተቃራኒ የሚፈታው?"

መፍቻውን አዩ። ጎማውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ጮኹብኝ።

"ግራው ነዋ! ስንቴ ልንገርህ? ያኔም አይገባህም ነበር፣ ዛሬም ያው ነህ!"

ሁላችንም "እውነትዎን ነው" አልን። አያልነህ እንኳ ራሱን እየነቀነቀ አዘነብኝ።

በገዛ ጉልበታችን ያጠበቅነውን ለመፍታት ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አሥር ሰዓት ላይ ጎማው ዱብ አለ። ፍሬኑን አላቀቅን፣ አቶ ከድር ያመጧቸውን ጎማዎች አሰርን። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል እሜቴ እየተንቋቋች ሎቤዱ ላይ ወጣች። መኪናው ወደ ሸጎሌ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን እንዳነሱ ቆሙ። እኔ አለቀስኩ። ለፎርክሊፍት ማልቀስ ያሳፍራል? እሷ ላይ ተቀምጦ ያገባ ሰው ያልቅስ እንጂ!

ወደ ታክሲ ስንወርድ ጋሽ ደምሴ ክንዴን ያዙ።

"ረስቼው ነበር፣ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "አንተ ግን አልረሳኸውም።"

እኔም እንደ አያልነህ የጫማዬን ክር ማየት ጀመርኩ።

"ዋሸህልኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ።"

ጥቂት እንደሄድን ቆሙና ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ለሌላ ጊዜ ግን ከምሳ በፊት ዋሽልኝ።"