ኢንተርኔት በማሽላ ማማ ላይ

ዓይናፋር ሰው ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ብዙ ነገር የለም። ማንም ሳያየው ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ መግባት፣ በቃ። ኢንተርኔት ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው ሲባል እሰማለሁ። ቢሮ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮ መጥረግ የለ፣ «አንቺ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» የሚል ዘበኛ የለ፤ በጣት ነካ ነካ አድርጎ መጨረስ ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች እኛ ቀበሌ መጥተው አያውቁም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት የሚገኘው በጋሽ ሰይድ ማማ ላይ፣ አገር እያየ ነው።

ማማ የምላችሁ ወፍ የሚጠበቅበትን ነው። አገራችን ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ያለው ቆላ ነው፤ ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ እንደ ደመና ይመጣል። ገበሬው እርሻው መሃል አራት ባላ ይተክላል፣ ከላይ እንጨት ይረበርባል፣ እዚያ ላይ ቆሞ በወንጭፍና በጩኸት ሲያባርር ይውላል። ጋሽ ሰይድም እንደ ማንኛውም ገበሬ ማማቸው ላይ ቆመው ሳለ፣ አንድ ቀን ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የከረመ መልእክት ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። «ወላሂ፣ እባብ የገባብኝ መስሎኝ ልዘል ነበር» ይላሉ። ለካ ኮረብታው የሚጋርድብን ኔትወርክ በዚያች ማማ ላይ፣ ያውም በምሥራቅ በኩል ባለችው ጥግ ብቻ፣ ሾልኮ ይደርሳል።

ወሬው ሲሰማ ሰው ማማዋን ከበባት። ጋሽ ሰይድ አልከለከሉም። አንድ ሕግ ብቻ አወጡ፦ ኔትወርክ የፈለገ፣ እላይ እስካለ ድረስ ወፍ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ይላሉ፤ ማሽላቸውን ቀበሌው በሙሉ በተራ ይጠብቅላቸዋል። መንግሥት የእሳቸው ዓይነት ጭንቅላት ቢኖረው የት በደረስን ነበር!

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ስምንተኛ ክፍልን አልፌ ዘጠነኛ ለመግባት ከተማ መመዝገብ ነበረብኝ። ሄድኩ። እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ። የሚመዘግቡት ሰውዬ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «ምዝገባ በኢንተርኔት ሆኗል፤ እዚህ ድረስ ምን አደከመሽ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ተመዝገቢ» አሉኝ። እስቲ ፍረዱ! ኢንተርኔት ካለበት ከተማ ተነሥተሽ ኢንተርኔት ወደሌለበት ቤትሽ ሂጂና በኢንተርኔት ተመዝገቢ ማለት እኮ ነው። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። እዚያው ከተማ አንድ ሰው ለምነሽ አትመዘገቢም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ዓይናፋር ሰው ብልሃት የሚመጣለት ባጃጁ ከተነሣ በኋላ ነው።

ምዝገባው በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፈኝ ዓመቱን ሙሉ እቤት ነኝ። እናቴ ደግሞ ነገር አታለባብስም፤ «ዘንድሮ እቤት ከዋልሽ ለከርሞም እቤት ነሽ። ሥራው ይለምድሻል፣ እኛም እንለምድሻለን» አለችኝ። ሌሊቱን ይህን ሳስብ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጥተዋል። አጀንዳው፦ መንግሥት ለገጠር ኢንተርኔት ማስገባት አለበት ወይስ የለበትም? እኔ የምዝገባ ሰዓት እየበረረብኝ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ይህን እሰማለሁ።

አንድ አዛውንት ተነሥተው መጀመሪያ ውሃው ይምጣ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ውሃ ሲጠየቅ መንገዱ ይቅደም፣ መንገድ ሲጠየቅ ውሃው ይቅደም ሲባል ይኸው ሁለቱም ሳይመጡ እኔ አደግሁ። እትዬ ዘውዴ ደግሞ ኢንተርኔት ልጅ ያባልጋል፣ ይቅርብን አሉ። እትዬ ዘውዴ አረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ሲያወሩ ማማዋ ላይ የሚውሉ ሴት ናቸው! በእሳቸው ተራ ግሪሳው የበላው ማሽላ ገና አልተረሳም። ጋሽ ሰይድ ከኋላ፣ «እርስዎን አላባለገም እንዴ እትዬ?» ሲሉ ሰው ሳቀ። አንዱ ጎልማሳ ነጋዴ ያስገባው እንጂ መንግሥት ምን አገባው ቢል፣ «ለእኛ ለጥቂት ጎጆ ብሎ የኔትወርክ ምሰሶ የሚተክል ነጋዴ? አንተን ብሎ!» ብለው ሌሎቹ አስቀመጡት።

እኔም ሐሳብ ነበረኝ። ተመዝገቡ የሚለን መንግሥት ነው፤ በኢንተርኔት ካልሆነ አልመዘግብም የሚለንም መንግሥት ነው፤ ታዲያ ኢንተርኔቱን ማምጣት የማን ሥራ ነው? በሩን ቆልፎ ግቡ የሚል ሰው ቁልፉን ሊሰጥ አይገባም? ይህን ሁሉ በሆዴ አሳምሬ አዘጋጀሁ። እጄንም አነሣሁ። ጆሮዬ ጋ ስትደርስ ባለሙያው ወደ እኔ ዞሩ፤ ወዲያው ሻሼን አስተካክዬ እጄን መለስኩ። ስብሰባው ጉዳዩ ይጠና ብሎ ተበተነ።

ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ ወንድሜ ትቶልን የሄደውን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዤ ማማዋ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሰይድ ከጥላው ሥር ሆነው ሕጉን አስታወሱኝ። ችግሩ፣ ወንጭፍ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ የእኔ አንድ እጅ ደግሞ ስልኩን በዚያች ጥግ ወደ ሰማይ ይዞ መቆም አለበት። የቀረኝ ጩኸት ነው። እኔ፣ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያቅተኝ፣ ልጮህ! መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ወፎቹን ይቅርታ የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

«የኔ ልጅ፣ እያባረርሻቸው ነው ወይስ ምሳ እየጠራሻቸው?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

የምዝገባውን ገጽ ከፍቼ ስሜን ጻፍኩ፤ ስልኩ ላይ ያለችው ክብ መዞር ጀመረች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ግሪሳ መጣ፤ ጮህኩ። ክቧ ቆመችና ገጹ ጠፋ። እንደገና ጻፍኩ። እንደገና ግሪሳ። እየተናደድኩ ስሄድ ድምፄም እየወፈረ ሄደ፤ በኋላ ላይ በወፎቹ ላይ ይሁን በምዝገባው ላይ እንደምጮህ ለራሴም አልገባኝ አለ። ከየማሳው ሰው ምን መጣ ብሎ ወጣ። ማንም እንዳያየኝ በቀትር የወጣሁት ልጅ፣ ከሥሬ ገበያ ተሰበሰበ። «አለፈላት?» «ገና ነው፣ እየዞረ ነው!» ይባባላሉ። እናቴም መጥታ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች።

በመጨረሻ ሁሉን ሞልቼ «ላክ» የሚለውን ነካሁ። ክቧ መዞር ጀመረች። ይኼኔ ባለሙያው እየተጣደፉ መጡ። የስብሰባው ሪፖርት ዛሬውኑ ወረዳ መድረስ አለበት።

«ልጅት፣ ውረጂ! የመንግሥት ሥራ ነው» አሉኝ።

ለትልቅ ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም። አሁንም «እሺ» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ከቀትር ጀምሮ ግሪሳ ሲያባርር የዋለው ድምፅ ቀደመኝ።

«አልወርድም!»

ከእርሻው ጫፍ የነበረው ግሪሳ ሁሉ ብር ብሎ ተነሣ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሽ ሰይድ ከተጋደሙበት ቁጭ ብለው፣ «እንዲህ ነው እንጂ! ይሄ ድምፅ ቅድም የት ነበር?» አሉ።

ባለሙያው ቢጨንቃቸው ራሳቸው ወጡ። ጋሽ ሰይድ ወንጭፉን አቀበሏቸው፤ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው። ኮት የለበሱት ባለሙያ አጠገቤ ቆመው ወንጭፍ ሲያዞሩ፣ አንዱ ድንጋይ ወደ እትዬ ዘውዴ በኩል ሲሄድ፣ ከታች «ኧረ ጌታው፣ ወፉን ነው!» ሲባል፣ ክቧ ቆመች። «ምዝገባዎ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። «ተመዘገብኩ!» ብዬ ጮህኩ፤ ይህንንም የሰማ ሁሉ እልል አለ።

ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸው ባለሙያው ናቸው። «እዚሁ እርሻ ላይ? በራስሽ ስልክ?» ብለው ዓይናቸው አበራ። ሳልዘጋጅ ፎቶ አነሡኝና ከሪፖርቱ ጋር ላኩት።

አሁን ከተማ እማራለሁ። አንዲት የክፍሌ ልጅ በወረዳው ገጽ ላይ ፎቶዬን አሳየችኝ፤ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። ከሥሩ «የገጠር ተማሪዎች ከማሳቸው ሳይወጡ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ሆነዋል» ይላል። ቀበሌያችንም ኢንተርኔት ካላቸው ተርታ ስለገባ፣ ቅድሚያ ለሌላቸው ይሰጣል ተብሏል። እጄን ያን ጊዜ ከጆሮዬ በላይ ባነሣት ኖሮ!

እናቴ ፎቶውን ካላየሁ ብላ ሰው ላከችብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ገብቼ ያንኑ ስልክ አንሥቼ እሷን አስከትዬ ወደ ጋሽ ሰይድ እርሻ ሄድኩ። ማሽላው ታጭዷል። ማማዋም ፈርሳ፣ ባላዎቹ ለማገዶ ተከምረዋል። እናቴ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ባዶውን እርሻ ታያለች።

«ለከርሞ ማሽላው እሸት ሲይዝ አምጫት የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ «ኢንተርኔት ያኔ ይገባል፣ ኢንሻአላህ።»