አድሚራሉ እና የወፈረው መርከብ

ወደብ ባለበት ከተማ ሁሉ መንግሥት መርከብ ሲገዛ ሊያማክረው ሲገባ ያላማከረው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። በወጣትነታቸው ሦስት ዓመት በጦር መርከብ ላይ የመኮንኖችን ጢም ላጭተዋል። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ክቡር አድሚራል ስንላቸው አልተቃወሙም።

ክቡርነታቸው የማይታረቁት ነገር ቢኖር የመርከቦች መወፈር ነው። ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፈው፣ በእሳቸው ዘመን ፍሪጌት የሚባለው መርከብ ሁለት ሺህ ቶን እንደነበር፣ የዛሬው ግን በዚያው ስም ሰባት ሺህ እንደሚመዝን ያስረዱኛል። ራዳሩ ከበደ፣ ሚሳይሉ በዛ፣ ጄኔሬተር በላይ በላዩ ተጨመረ፤ ስሙ ግን በጀት አጽዳቂው እንዳይደነግጥ እዚያው ቀረ። «ስም ትንሽ፣ ሆድ ትልቅ!» ይላሉ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ስል ኖርኩ።

አንዴ አንድ መኮንን የገዛ መርከቡን ርዝመት ቢሳሳት፣ አረፋውን ፊቱ ላይ ትተው የመርከብ መጽሔት ፍለጋ ጓዳ ገቡ። ይቅርታ ካልጠየቀ በቀር አልላጭም አሉት፤ ጠየቀ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከወሬ አለፈ። አዲሱ መርከብ ሊመጣ ነው፤ የወደቡ መቆሚያ አጠረው። መቆሚያው ይርዘም ሲባል የሚያርፈው አድሚራሉ ሱቅ ላይ ሆነ። ሌላ ቦታ እንስጥዎ ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። ሠላሳ ዓመት የቆሙበት ወለል ነው፤ ባለቤታቸው በሞት የተለዩዋቸውም ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ነው። ለወደቡ አስተዳደር የጻፉት መልስ ሁለት መስመር ነበር፦ «ያደገው መርከቡ ነው፤ እኔ ባለሁበት ነኝ። የረዘመው ይጠር።»

አስተዳደሩ ግን ሱቁ ይፍረስ ብሎ ወሰነ፤ ይግባኛቸውን ፍርድ ቤት ማክሰኞ ከሰዓት ሊያይ ቀጠረ። የወደቡ መሐንዲስ በዚያው ቀን ጠዋት ቀድሞ አፍራሾቹን ይዞ መጣ። ወንበሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰው ያለበትን ቤት አላፈርስም፣ ደንበኛዎን ይጨርሱ ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

አድሚራሉ ጢሜን ጨርሰው ፎጣውን ከአንገቴ ፈቱ። ስለ ቶን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኚያን ተከራካሪ ሰውዬ እንዲህ ሆነው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

«ፀጉሬንም ያስተካክሉኝ» አልኳቸው።

መሐንዲሱ አናቴን አየ። ራሰ በራ ነኝ።

አድሚራሉም አዩኝ። ፎጣውን መልሰው አሰሩልኝና መቀሱን አነሡ።

«ይሄኛው» አሉት ወደ መሐንዲሱ ዞረው፣ «እስከ ማታ ይፈጃል።»