ማንም ያልወሰዳት ክንድ መሬት

ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ጋደም ባልኩባት አፍታ ሕልም አየሁ። ከዓሱር በፊት ሽማግሌዎች ሊመጡብኝ ነበር። ከጎረቤቴ ከእንድሪስ ጋር በአጥራችን መሀል ባለች አንድ ክንድ መሬት ተጣልተን አምስት ዓመት ተኳርፈናል። መሬቷ ላይ በእጄ የተከልኳት ዘይቱን አለች፤ ዘንድሮ ገና አበበች። እሷንማ በቁሜ አልሰጥም ብዬ ምዬ ነው የተኛሁት። ሬዲዮው ስለ ድሮ የቱርክና የፋርስ ጦርነት ያወራ ነበር።

አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ቆሜአለሁ። በግራዬ የቱርኩ ሱልጣን ጦር፣ በቀኜ የፋርሱ ሻህ ጦር ተሰልፏል። ፈረሶቹ ወታደሮቹን ኮርቻ ጭነው ተቀምጠውባቸዋል። አንዱ የመቶ አለቃ ወገቤን አለ፤ ፈረሱ ዝም ብሎ ኮለኮለው።

ጠቡ የድንበር ነው አሉኝ። በመሀል አንድ ክንድ መሬት አለች። ሱልጣኑ ያንተ ናት ይላል፣ ሻሁ የለም ያንተ ናት ይላል። አልወስድም ሲባባሉ ጦርነት ተነሣ። ወታደሮቹ የድንበሩን ድንጋይ እየተሸከሙ ወደ ገዛ አገራቸው ያስገባሉ። ቀድሞ የሸሸ ይሸለማል። መድፎቹ አረር ይውጣሉ፤ መድፈኛው "በሞቴ፣ አንዲት ብቻ" እያለ ያጎርሳቸዋል። መማረክ ያማረው ራሱን በገመድ አስሮ ጠላት ሰፈር ይሄዳል፣ እዚያ ግን ቦታ የለም ብለው ይመልሱታል።

እኔን ሲያዩ ሽማግሌ መጣ ብለው ከበሮ ላይ አስቀመጡኝ። ሱልጣኑ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ።

"አያቴ ይህችን መሬት ሳይሰጥ ሞተ፣ አባቴም ሳይሰጥ ሞተ" አለኝ እያለቀሰ። "እኔም ሳልሰጥ ብሞት ሰው ምን ይለኛል?"

ሻሁም አጠገቡ ተደፍቶ፣ እሱ ቢወስዳት ዘሩ እንደሚዋረድ ነገረኝ። ሆዴ ባባ። ነገሥታት ለመስጠት ሲተላለቁ እኔ ለእንድሪስ ሰላምታ እንኳ ነፍጌዋለሁ። አፈርኩ።

ከፈረሶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እንግዲያው ሽማግሌው ይውሰዳት" አለ።

ሁለቱም ጦር በአንድ ልብ ወደ እኔ ዞረ። ሩጫ ጀመርኩ። መሬቷም ከነዘይቱኗ ተነሥታ ተከተለችኝ። ሊያሸክሙኝ ሲደርሱ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ።

"አልፈልግም! ውሰዷት፣ በሞቴ፣ ከነዘይቱኗ ውሰዷት!"

"አሚን" አለ ያ ሁሉ ጦር።

ዓይኔን ስገልጥ አሚን ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሦስቱም ከመደቤ ግርጌ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እንድሪስ ከኋላቸው ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል።

"ይሄ ነው ሰው ማለት" አሉኝ ሸህ መኪን፣ ትልቁ ሽማግሌ። "ገና ሳንጠይቅህ ጨረስከው። ዱዓም አድርገንበታል።"

ሕልም ነው ልል አፌን ከፈትኩ። እኛ ዘንድ ግን ዱዓ የተደረገበት ነገር አይመለስም። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

"አብሽር" አለኝ፣ "ዘይቱኗ ስታፈራ አንተንም አቀምስሃለሁ።"