ባትሪ ተብሎ የመጣው ጉድ

እኛ ቤት የገባ ዕቃ ለተሠራበት ሥራ ከዋለ ተዓምር ነው። የዱቄት ወተቱ ጣሳ እህል ይሰፍራል፣ የሞተው ፍሪጅ ቁም ሣጥን ይሆናል። ፋብሪካው ምን አስቦ ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ደጃፋችንን ከረገጠ በኋላ ሥራ የምንሰጠው እኛ ነን። ድሮ በዚህ እኮራ ነበር። አሁን ሳስበው ክው እላለሁ።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ትርንጎ ጅዳ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ደወለችና ባትሪ ልኬላችኋለሁ፣ ጠንካራ ነው፣ ይጠቅማችኋል አለችን። እስቲ ፍረዱኝ፤ በኛ አገር ባትሪ ሲባል ምን ይገባችኋል? በእጅ ተይዞ የሚበራው ነዋ! የመኪናውም ባትሪ ነው፣ ሬዲዮ ውስጥ የሚከተተውም ባትሪ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን ያኔ የት ነበራችሁ? ካርቶኑን ስንከፍት ጡብ የሚያህል ጥቁር ነገር ወጣ። ስንነካካው ቦግ አለ። በቃ፣ ባትሪ አለች፣ ባትሪ መጣ።

አማቴ እማማ ዘነቡ ወዲያው ወረሱት። የዓይን ሞራ ከጋረዳቸው ሁለት ዓመት አልፏቸዋልና በጠራራ ፀሐይም እያበሩ ነበር የሚሄዱት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ይሰካበታል። አብሮት መሀሉ ላይ ትንሽ ሳጥን ያለችበት ወፍራም ገመድ መጥቷል፤ ጫፉ ላይ ሁለት መንጋጋ አለው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ምንድን ነው? አላወቅንም። እማማ ግን ዳበሱት፣ ጨመቁት፣ ከዚያ «አሏህ ይስጣት፣ የልብስ መቆንጠጫም ልካልኛለች!» አሉ። የመካነ ሰላም ንፋስ የተሰጣ ልብስ እንደሚያስኮበልል የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። አስቸጋሪው ገመዱ ነበር። እኔ አማች ሆዬ ምን አደረግሁ? ፒንሳ አምጥቼ መንጋጋዎቹን ከሥራቸው ቆረጥኳቸው፤ ገመዱን አልጋ ሥር ወረወርኩት። ተመረቅሁም።

ከወራት በኋላ የዓይን ሐኪሞች ሞራ ለማንሳት ዘመቻ ጎረቤት ከተማ አቀስታ መጡ። እማማ ተመዘገቡና ተራቸው የመጨረሻው ቀን ላይ ዋለ። ካመለጣቸው ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ነጭ ለብሰው፣ ባትሪያቸውን ይዘው፣ አሮጌው ፒካፔ ውስጥ ገቡ። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ቀጭ! ደገምኩ። ቀጭ! ብርዱ የመኪናዬን ባትሪ ድራሹን አጥፍቶታል። አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቷል። እማማ «አብሽር ልጄ፣ ሳላይ መኖሩን ለምጄዋለሁ» ሲሉኝ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩና የሰው ያለህ ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤታችን ሹፌሩ ሰይድ ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። ሞተሩን ትቶ እማማ እጅ ላይ አፈጠጠ። ይሄ እኮ መኪና ማስነሻ ነው፣ ከሞተው ባትሪ ጋር አገናኝተህ ነው የምታስነሳበት፣ ገመዱ የታለ አለኝ። ወይ ጉዴ! በጣቴ ወደ ልብስ ማስጫው አሳየሁት። ቀዩ መንጋጋ ሱሪዬን፣ ጥቁሩ የባለቤቴን ነጠላ ነክሰው ይዘዋል። ሰይድ ሱሪዬን አየ፣ እኔን አየ፣ «ያ ረቢ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ማን ቆረጠው ብሎ ሲጠይቅ ሚስቴን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ፤ ተናዘዝኩ።

ሰይድ ገመዱን ከአልጋ ሥር አስወጥቶ፣ ሽቦውን ልጦ ከመንጋጋዎቹ ጋር ጠመዘዘና በናስትሮ ጠቀለለው። የሰፈሩ ስልክ ሲመጠምጠው የከረመው ማስነሻ የቀረችለት አንዲት የቻርጅ ማሳያ መብራት ናት። አንዴ ካልተነሳ አበቃ! እኔ ደግሞ ጥፋቴን ልካስ ብዬ ተሽቀዳድሜ መንጋጋዎቹን የመኪናው ባትሪ ላይ አስነከስኳቸው። ገመዱ መሀል ያለችው ትንሽ ሳጥን ጢጥ ጢጥ ጢጥ እያለች አበደች። ለካ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ ኖሯል የገጠምኩት! አፈነዳሁት ብዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ሰይድ ግን ሳቀ፤ አይዞህ፣ ሰው ሲሳሳት እየጮኸ ኃይሉን እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የተሠራ አለኝ። እዩልኝ እንግዲህ! ባሕር ማዶ ያለ፣ ስለ መካነ ሰላም ሰምቶ የማያውቅ መሐንዲስ፣ እኔን የመሰለ ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ ተዘጋጅቶልኛል። ሰደበኝ ልበል ወይስ አዳነኝ? እስካሁን አልወሰንኩም።

ሰይድ አገላብጦ ገጠመው። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ፒካፑ ተንቀጠቀጠ፣ አሳለው፣ ተነሳ! እማማ እልልታውን አቀለጡት። አቀስታ የደረስነው ስማቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ነው።

ሞራው ተነሳላቸውና በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው ነበርኩ። ዶክተሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም። ትንሽ ቆይተው ጭናቸው ላይ ያለውን ማስነሻ ገልበጥ አደረጉት። ሆዱ ላይ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ተስሏል፤ ቀይና ጥቁር ገመድም እስከ ሞተሩ ተዘርግቷል። ይቺ መኪና ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለችው ብለው ጠየቁኝ። ከመጀመሪያውም ነበረች አልኳቸው።

በአዲሱ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረው፣ «የኔ ጌታ፣ ዕቃችሁን ገና ካልጫናችሁ፣ ይሄንንም ልጄን እዩልኝ» አሏቸው።